አለሁ ብሎ የቀረው ሰው

ሰፈሩ «ጋሽ ከሥሩ» ይለዋል። እናት አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም። ሥራው ማህተም መቅረጽ ነው፤ ቅጽሉ የወጣለት ግን ከጠባዩ ነው። ደንበኛ ቁጭ ብሎ ሲያወራ አንዲት ቃል ከአፉ ካመለጠችው ምላጩን ያስቀምጥና «ቆይ እስቲ፣ ይቺ ቃል ከየት መጣች? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ!» ይላል። ማህተሙን ለመቀበል የቸኮለ ሰው ቃሏን ከአፉ ባላወጣኋት ብሎ ይጸጸታል።

የሚሠራበት ክፍል ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢቆም የሚጠብ ነው። ግማሹ የእሱ፣ ግማሹ የባለኮፒዋ ነው። እሷ የፎቶ ኮፒ ማሽኗን እያስጎረመረመች ወረቀት ታባዛለች፤ እሱ በመስኮቱ በኩል አንገቱን ደፍቶ ጎማ ይቀርጻል። ጠረጴዛው ላይ እጀታቸው በክር የተጠመጠመ ምላጮች፣ ቀለም የጠጣ ስፖንጅና አንዲት የእጅ መስታወት አሉ። የማህተም ፊደል የሚቀረጸው ተገልብጦ ስለሆነ ትክክል መሆኑን የሚያየው በመስታወቷ ነው። አሁን አሁን ማሽን በሁለት ደቂቃ ይቀርጻል። እሱ ግን ለአንዱ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ ሰውም «የጋሽ ከሥሩ ማህተም አይደበዝዝም» እያለ ይመጣል።

ትምህርቱ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ያወቀውን ያወቀው ልባሱ ከተገነጠለ አንድ አሮጌ መዝገበ ቃላትና ከሰው አፍ ነው። «ወረቀት» በዐረብኛ ቅጠል ማለት መሆኑን ያወቀ ዕለት ሥራ አልሠራም። የባለኮፒዋን ወረቀት አንድ በአንድ እያነሳ በጣቱ ሲዳብስ ዋለ። «ዛፍ አጠገብ ተቀምጠን ኖሯል እኮ!» አላት። እሷም «ቅጠሌን አታቆሽሽብኝ» አለችው። «ስልክ» በዐረብኛ ሽቦ ማለት እንደነበር ሲያነብ ደግሞ ሽቦው ጠፍቶ ስሙ ብቻ በየኪሱ መዞሩ ሲያስቀው ሰነበተ።

ከሁሉ የበለጠበት ግን በቀን መቶ ጊዜ የሚላት ነገር ነች፤ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ»። አንድ ጠዋት አንድ ሰው በሩን ከፍቶለት እንደ ልማዱ ከተናገራት በኋላ ባለበት ቆሞ ቀረ። ይስጥልኝ! ውለታህን መመለስ አልችልምና በእኔ ፈንታ እሱ ይስጥህ ማለት ነው። ስንት ሚሊዮን ሰው፣ ስንት ዘመን፣ ሳያስበው በየበሩና በየመንገዱ ሲጸልይ ኖሯል! ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያን ቀን ወዲህ በጥድፊያ ብሏት አያውቅም።

እንዲህ ያለ ሰው ከሥሩ ያልጠየቀው አንድ ቃል ነበር፤ የራሱ ቤተሰብ ስም።

በወረቀት ላይ የቤተሰባቸው ስም «አለሁ» ነው። የአያቱ ቅጽል ነበር፤ ከአያቱ ወደ አባቱ፣ ከአባቱ ወደ እሱ ወረደ። የከተማው ሰው ደግሞ የአያቱን ስም ተረት አድርጎታል። እመጣለሁ ብሎ ያልመጣ፣ አደርጋለሁ ብሎ ያላደረገ ሁሉ «አለሁ ብሎ ቀረ» ይባላል። ግንበኛው ቀብድ በልቶ ሲጠፋ «የአለሁ ዘመድ ነው እንዴ?» ይሉታል። አያቱ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ እንደነበረና አንድ ቀን ጉድጓድ አፍ ላይ አንድ ነገር እንደሆነ በጭምጭምታ ይወራል። አንዳንዱ «ከታች ያለውን ሰው ጥሎት ሄደ» ይላል። ሱሪ ሰፊ የነበረው አባቱ ይህ ወሬ ሲነሳ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ስፌቱን ይቀጥል ነበር። አንድም ቀን አልመለሰ። ዝም እንዳለ ከአራት ዓመት በፊት አረፈ።

ጋሽ ከሥሩም አልጠየቀም። የሰውን ሁሉ ቃል ሥር የሚምሰው ሰው የራሱን ጋ ሲደርስ እጁ ይዝላል። እውነት ቢሆንስ?

ነገሩ የመጣው በአንድ ሐሙስ፣ በልጁ በኩል ነው። አንድ ልጁ ነች። የመድኃኒት ትምህርቷን ጨርሳ፣ ሦስት ዓመት ተቀጥራ ሠርታ፣ የራሷን ትንሽ መድኃኒት ቤት ልትከፍት ነው። በምሳ ሰዓት መጥታ አንዲት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

«አባዬ፣ ሰኞ ማህተሙን ይዤ ጽሕፈት ቤቱ መቅረብ አለብኝ። ማህተሙ ላይ ያለው ስም ነው መዝገብ የሚገባው። ከዚያ በኋላ አይለወጥም።»

«ይደርስልሻል።» ወረቀቷን አየ። የእሷ ስም አለ፤ የእሱም አለ። ሦስተኛው ቦታ ባዶ ነው። «የቤተሰቡስ ስም?»

«ቀርቷል።»

«አለሁ ብሎ?» አለች ባለኮፒዋ ከማሽኑ ጀርባ፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

«ሰማሃት? ገና በሩን ሳልከፍት!» አለች ልጅቷ። «ሰው ስሜን ግድግዳው ላይ አንብቦ ‹መድኃኒቱ አለ?› ሲለኝ ‹አለ› ብዬው ማን ያምነኛል? በትምህርት ቤት ስም ሲጠራ ‹አለሁ› ባልኩ ቁጥር ክፍሉ እንዴት ይስቅ እንደነበር አንተ አታውቅም።»

«አውቃለሁ» አለ። እሱም ተስቆበታል።

«እንግዲያው ተወው።»

ጎማውን አገላበጠ። እሷ ከተወችው ስሙ እሱ ላይ ማብቃቱ ነው። ወንድም የለው፣ ሌላ ልጅ የለው። ክፉ ስም ከሆነ ማብቃቱ ደግ ነው። ካልሆነስ? አንድን ሰው ሳይጠይቁ መቅበር አይሆንም?

«እስከ እሑድ ስጪኝ» አላት።

«ምን ልታደርግ?»

«ልጠይቅ።»

«ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያልጠየቅከውን?» አለችና ያለችው ነገር ለራሷም ከበዳት። ትከሻውን ሳም አድርጋው ወጣች።

ባለኮፒዋ ማሽኗን አጠፋች። ቀልድ ብትወድም አጥፍታ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። «ጋሼ፣ ምላሴ ይቆረጥ። ግን አንድ ሰው አውቃለሁ። የጡረታ ወረቀታቸውን ሊያስባዙ ከልጃቸው ጋር የሚመጡ ሽማግሌ አሉ። ዘጠና ምናምን ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል። ባለፈው ‹የዚህን ከተማ ጉድጓድ ሁሉ እኔና ጓደኞቼ ነን የቆፈርነው› ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ፣ አረንጓዴው ፎቅ ነው ቤታቸው።»

ቅዳሜ ጠዋት ሄደ። ደረጃውን ሲወጣ ሁለት ጊዜ ቆመ፤ ደክሞት አልነበረም። የሽማግሌው ልጅ ራሷ ጸጉሯ የሸበተ ሴት ነች፤ ልብስ ከሚሰጣበት የኮሪደር ብረት አጠገብ ባለ በር አስገባችው። ሽማግሌው መስኮቱ ሥር ካለው አልጋ ላይ ትራስ ተደግፈው ሬዲዮ ያዳምጡ ነበር።

«ማነው?»

«ማህተም ቀራጭ ነኝ አባባ። ስለ ድሮ ጉድጓዶች ልጠይቅዎት ነበር።»

«ውሃው በቧንቧ እየመጣ ጉድጓዱን ምን ያደርጉለታል?» ሳቁ። ጥርስ ባይኖራቸውም ሳቃቸው ሙሉ ነው። «የማን ልጅ ነህ?»

ዕድሜ ልኩን የሸሸው ጥያቄ ይኸው ነው። «የአለሁ የልጅ ልጅ ነኝ» አለ፤ ሳቁ እስኪመጣ ጠበቀ።

ሳቅ አልመጣም። ሽማግሌው ሬዲዮውን በዳበሳ አጠፉ፤ ከዚያ እጃቸውን ወደ አየር ዘረጉ። «ቅረብ።» ቀረበ። ፊቱን ዳበሱት፤ አገጩን፣ ከዚያ አንገቱን። ጣታቸው ጉሮሮው ላይ ቆመ።

«‹አለሁ› በል እስቲ።»

«አባባ…»

«በል እንጂ!»

«አለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይ፣ የእሱ ወፍራም ነበር። እስኪሰበር ድረስ።»

ልጃቸው ሻይ አቀረበችና በሩ አጠገብ ቆመች፤ እሷም ሙሉውን ሰምታ እንደማታውቅ ከፊቷ ያስታውቃል።

«የእኛ ሥራ ሕግ ነበረው» አሉ ሽማግሌው። «አንድ ሰው ታች ይቆፍራል፣ አንድ ሰው አፉ ላይ ሆኖ አፈሩን በባልዲ ይስባል። የላይኛው ጠሪ ነው። ባልዲ በወጣ ቁጥር ‹አለህ?› ይላል፤ የታችኛው ‹አለሁ!› ይላል። ሁለቴ ተጠርቶ ካልመለሰ አየሩ ከፍቶበታልና ሁሉ ተጥሎ ገመዱ ይሳባል። ጠሪ ሰውየውን ሳያወጣ ከጉድጓዱ አፍ አይነሳም። ሽንቱ ቢመጣ እንኳ አይነሳም፤ ይቅርታ አድርግልኝ። የእኔ ጠሪ አያትህ ነበር።»

«እርስዎ ነበሩ ከታች?»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አሥራ ሁለት ሰው ቁመት ያህል ወርደናል። ረፋድ ላይ ግድግዳው ከመሐል ናደ። መሰላሉ ተሰብሮ ራሴ ላይ ተጋደመና አፈሩን ያዘልኝ፤ እስከ ደረቴ ግን ተቀብሬያለሁ። ጨለማ ነው። እጄ ይኑር አይኑር አላውቅም። ሌላ ቀን ጠያቂው እሱ ነበር፤ ያን ቀን እኔ ጠየቅሁ። ‹አለህ?› አልኩ። ከሩቅ፣ ከሌላ ዓለም እንደሚመጣ ሆኖ ‹አለሁ!› አለኝ። ልጄ፣ ያን ጊዜ ነው እኔም መኖሬን ያወቅሁት።»

ሰፈሩ ሁሉ አካፋና ዶማ ይዞ ወጣ። ከላይ ቢቆፍሩ አፈሩ ይጨርሰዋልና በጎን በኩል ሌላ ጉድጓድ ቀስ እያሉ ማውረድ ነበረባቸው። ቀስ ማለት ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። ከታች ያለው በየጥቂት ደቂቃው ይጠይቃል፤ የጋሽ ከሥሩ አያት ይመልሳል።

«እኩለ ቀን ላይ መልእክተኛ መጣ። ‹ሚስትህን ምጥ ጀምሯታል› አለው። ጠዋት ከቤት ሲወጣ ‹ምጥሽ ሲመጣ አለሁ፣ አትፍሪ› ብሏት ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸው ነው። ጎረቤቶች ‹እኛ እንመልስለታለን፣ አንተ ሂድ› አሉት። ድምፀ ነጎድጓድ የሆነ አንድ ሰው በቦታው አስቀምጠው አስነሱት። አርባ እርምጃ ቢሄድ ነው። እኔ ‹አለህ?› አልኩ። ሌላ ሰው ‹አለሁ!› አለኝ።»

ሻያቸውን በዳበሳ መስኮቱ ጠርዝ ላይ አኖሩና ቀጠሉ።

«ሰዎቹ በደግነት ነው ያደረጉት። ድምፅ ድምፅ ነው ብለው። እኔ ግን በዚያ ጨለማ የማውቀው ያን አንድ ድምፅ ነው። ሲለወጥብኝ ‹የእኔ ሰው ሞተ፣ ላይ ያለውም ተናደ› አልኩ። መጠየቅ ተውኩ። ቢጠሩኝ ቢጠሩኝ አልመለስኩም። ዓይኔን ጨፍኜ አፈሩ እንዲጨርሰኝ ተመቻቸሁ። ሮጠው መለሱት። ‹እኔ ነኝ! አለሁ! የት እሄዳለሁ?› ሲል ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ማንም አላስነሳውም። ፀሐይ ገብታ እስክትወጣ እኔ ስጠይቅ እሱ ሲመልስ፣ ድምፁ እየሻከረ፣ እየቀጠነ፣ መጨረሻ ላይ እንደ ንፋስ ሆነ። ሲያወጡኝ ፊቱን አየሁና ‹አለህ?› አልኩት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ የለም። እስኪሞት ድረስ ከሹክሹክታ በላይ አልተናገረም። ያን ጊዜ ነው ከተማው ‹አለሁ› ያለው። ለክብር ነበር፤ ባርኔጣ እያነሱ ነበር የሚጠሩት።»

«‹ብሎ ቀረ› የሚሉትስ?» አለ ጋሽ ከሥሩ።

«እሱማ እውነት ነው! ለሚስቱ አለሁ ብሎ ቀረ። ማን ዋሸ? አባትህ የተወለደው በዚያው ሌሊት፣ ሊነጋጋ ሲል ነው። ያዩት ሰዎች ሲያልቁ ጉድጓዱ ተረሳ፣ ተረቱ ቀረ። እኔም ለሥራ ሠላሳ ዓመት ሌላ አገር ኖርኩ። ስመለስ ማን ይጠይቀኝ?»

ሽማግሌውን ተሰናብቶ ደረጃውን ወረደ። አውቶቡስ ማዞሪያው ላይ ሰው ይተራመሳል። አንዲት ሴት ጓደኛዋን አግኝታ «እንዴት ነሽ?» ትላለች፤ «አለሁ» ትላታለች። አንድ ጎረምሳ ስልኩን በትከሻው ይዞ «አለሁ፣ አለሁ፣ ወረፋ ላይ ነኝ» ይላል። ሽማግሌው ለሽማግሌው፣ ሹፌሩ ለረዳቱ፣ ሁሉም አለሁ፣ አለሁ ይባባላል። ጋሽ ከሥሩ ምሰሶ ተደግፎ ቆመ። ሃምሳ ዓመት ሲሰማው የኖረውን ቃል ዛሬ ገና ሰማው። ሰው ሁሉ ከየጉድጓዱ እየተጠራራ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስንጠራው ድምፁን የማይለውጥብን አንድ አለ። ባርኔጣውን አውልቆ በደረቱ ያዘ። አንድ መንገደኛ ለማኝ መስሎት ነበር መሰለኝ፣ ኪሱን ዳበስ አደረገ።

ምሳ ላይ ለሚስቱና ለልጁ ነገራቸው። ልጅቷ ሹካዋን አስቀምጣ አዳመጠች። ሲጨርስ ታለቅሳለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ግንባሯን ቋጥራ ነበር።

«ቅድመ አያቴስ?» አለች። «ለእሷ ማን አለሁ አላት?»

«እ?»

«እሱ ለጓደኛው አለሁ አለ። ጥሩ። እሷ ብቻዋን አማጠች። የመጀመሪያ ልጇን። አባዬ፣ ይሄ እኮ ስሙን አያጸዳውም፤ የተበደለውን ሰው ብቻ ነው የቀየረው።»

«ይኸው!» አለች ሚስቱ። «እናንተ ወንዶች ስትተርኩ ሴትየዋን ሁልጊዜ በር ላይ ትረሷታላችሁ።»

ጋሽ ከሥሩ ሳህኑን ገፋ አደረገ። የአባቱ ዝምታ አሁን ሌላ መልክ ይዞ ታየው፤ ሲወለድ አባቱ ያልነበረለት ልጅ።

እሑድ ሁለቱም አብረው ሄዱ። ልጅቷ ከሽማግሌው አልጋ አጠገብ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና ሳትለሳልስ ጠየቀቻቸው። «አባባ፣ እሱ እርስዎ ጋ ሲቀር ለሚስቱ ማን ደረሰላት?»

ሽማግሌው ቀና አሉ። «ማን ናት ይቺ?»

«ልጄ ነች» አለ ጋሽ ከሥሩ።

«ጠያቂስ እሷ ነች! ትናንት አንተ ሳትጠይቀኝ ስትሄድ አዝኜብህ ነበር።» እጇን ያዙ። «የሰፈሩ አዋላጅ ማን ነበረች መሰለሽ? እናቴ።»

ልጅቷ በርጩማውን ይበልጥ ወደ አልጋው አስጠጋች።

«እናቴ ከረፋድ ጀምሮ ጉድጓዱ አፍ ላይ ነበረች። አፈሩን በጥፍሯ ልትቧጥጥ ስትል ያዟት። አያታችሁን ሮጠው ሲመልሱት እኔ ድምፁን ሰምቼ መለስኩ፤ እሷም መልሴን ሰማች። ከዚያ ተነሳች። ቀሚሷን አራገፈች። ‹አንተ ልጄን ያዝልኝ፣ እኔ ልጅህን እይዝልሃለሁ› አለችው። እኔ አፈር ውስጥ ሆኜ፣ በሕይወት ልውጣ አልውጣ ሳይታወቅ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ሄደች። እንዴት እንደሄደች እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ሰባት ወልጃለሁ፤ አልችለውም ነበር።»

«ከዚያስ?» አለች ልጅቷ በቀስታ።

«ልጁ ጎህ ሲቀድ ተወለደ። እናቴ እጇ ላይ አድርጋው ሳለ ነው ‹ልጅሽ ወጣ› ብለው የነገሯት። አራሷ ‹ባሌስ የት አለ?› ስትል እናቴ ‹አለሁ ብሎ ቀረ!› አለቻት። ወይም አራሷ ናት ያለችው፤ ከሁለቱ አንዷ ነች። እየሳቁ እያለቀሱ ነው ያሉት። እኔና አያታችሁ ተደጋግፈን በሩ ላይ ስንደርስ እሱ መናገር አቅቶት ቆሟል፣ እነሱ ይስቃሉ። ከዚያ ወዲህ ቤት በገባ ቁጥር ሚስቱ ‹መጣላችሁ፣ አለሁ ብሎ የቀረው› ትለው ነበር። የፍቅር ነበር። በር ላይ ተሰምቶ ወጣ፤ ከወጣ በኋላ ማን ይመልሰዋል?»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ የሽማግሌውን እጅ ሳመች፤ ብዙ ቆየች።

ተሰናብተው ወጡ። ማዞሪያውን ሲያልፉ «አባዬ» አለችው።

«ወይ።»

«ጎማውን ሰፋ አድርገህ ቁረጠው።»

«ለምን?»

«ሦስት ስም ነው የሚገባበት።»

ዕለቱን ሱቁን ከፍቶ ተቀመጠ። ሠላሳ ዓመት ሳይስት የኖረ ሰው የመጀመሪያውን ጎማ አበላሸ። ሁለተኛውን ከመጀመሩ በፊት ጸለየ።

ሰኞ ጠዋት ጽሕፈት ቤቱ ወረፋው እስከ ኮሪደሩ ነበር። እሱ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፤ ልጁ መስኮቱ ጋ ደረሰች። ጸሐፊው ማህተሙን ቀለም አስነክቶ ቅጹ ላይ ጫነው፤ አነበበው፤ ፈገግ አለ። አጠገቡ የተቀመጠውን ባልደረባውን በክርኑ ነካ አደረገ።

«አለሁ? ያ አለሁ ብሎ የቀረው?»

ወረፋው ሳቀ። ጋሽ ከሥሩ አንገቱን ሊደፋ ሲል ልጁ ቦርሳዋን መስኮቱ ላይ አስቀመጠች።

«አዎ፣ እሱ ነው» አለች። «ወንድሜ፣ የት እንደቀረ ታውቃለህ?»

«ኧረ እኔ እንጃ።»

«እንግዲያው ልንገርህ። አንድ ሰው ከታች ይቆፍራል፣ አንድ ሰው ከላይ ይጠራዋል…»

አባቷ ታሪኩን በሌላ ሰው አፍ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። ጸሐፊው እስክርቢቶውን አስቀመጠ። ከኋላ አንድ ሰውዬ «ኧረ ወረፋ አለ!» ብሎ ሲጮህ አንዲት ሴት ዞራ ገሠጸችው፦

«ዝም በል አንተ፤ እንስማበት።»